ከጌዶ የመጣው ጆንያ

አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ እኔ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አምቦ ተመለስኩ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት እረፍት ያጣን ሰዎች መኖር ጀመርን።

እሱ ዕድሜውን ሙሉ የግብርና ባለሙያ ነበር። ከጉደር እስከ ጌዶ፣ ከጌዶ እስከ ባኮ ያልረገጠው ማሳ አልነበረም። ሥራው ሲቆም እግሩ አላቆመም። ጠዋት ተነሥቶ ያልተበላሸ አጥር ያፈርስና መልሶ ያጥራል። የደረሰ ጎመን ነቅሎ ሌላ ጥግ ይተክላል። ከሰዓት ከተማውን ዞሮ ይመጣና ገና ጫማውን ሳያወልቅ መልሶ ይወጣል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ "ኧረ ባክህ አንድ ቦታ ተቀመጥ!" ብላ ትገሥጸው ነበር። እኔ ግን ምን አፍ አለኝ? ልጁ አይደለሁ?

የመመረቂያ ጥናቴን የያዝኩት በአደይ አበባ ቤተሰብ ላይ ነው። ይህ ቤተሰብ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ክረምቱ ሲወጣ አገሩን ቢጫ አድርጎ ይነሣል፤ ጥቅምት ሲጋመስ መርገፍ ይጀምራል። ያ ጊዜ ካመለጠ ዓመት መጠበቅ ነው። ጊዜውም በአገሩ ሁከት ስለነበረ "መንገድ ክፍት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ የሚቀድምበት ጊዜ ነበር። አንድ ሳምንት ክፍት ነው፣ አንድ ሳምንት ዝግ ነው። ሰማዩን ሳይሆን አስፋልቱን እያየሁ ነበር የምውለው።

አንድ ቀን አባቴ አልጋዬ ሥር በጋዜጣ መሐል ያነጠፍኳቸውን አበቦች አገኘ። ድንጋይ ጭኜባቸው ነበር። ድንጋዩን አነሣና ጋዜጣውን ገለጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ናሙና ነው አባዬ። እየደረቀ ነው።"

"የምን ናሙና? ይሄ መጭ ነው! ቱፎ! ገበሬውን 'ንቀሉ፣ ኑጋችሁን ይበላዋል' ስል የኖርኩትን አረም አንቺ አልጋ ሥር ታስተኚዋለሽ?"

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። አጉሊ መነጽሬን ሰጠሁትና አንዷን ትኩስ አበባ ከፍዬ አሳየሁት። አንድ አበባ የሚመስለው ነገር አንድ አይደለም። መሐሉ ላይ እንደ ዱቄት የሚታየው ሁሉ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ ዳር ዳሩን የዞረው ቢጫ ቅጠል የሚመስለውም እንዲሁ። አንገቱን ደፍቶ ብዙ አየ።

"ስለዚህ አበባ ሳይሆን አንድ ሰፈር ነው በይኛ።"

"አዎ፣ ሰፈር ነው። ኑግም ሱፍም ኮሸሽላም እንደዚሁ ናቸው። ግራዋም ሳይቀር።"

"ግራዋ? ጋን የምናጥብበት ግራዋ ከአደይ ጋር ዘመድ ነው?"

"የሥጋ ዘመድ።"

"ዱጋ? እውነት?" አለ። ሲገርመው ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

ከዚያ የባሰውን ነገርኩት። በመስከረም ሁላችን አደይ የምንለው፣ በኦሮምኛ ኬሎ የሚባለው፣ አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ብዙ ናቸው፤ ከሩቅ ሁሉም ያው ቢጫ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አንደኛዋ የሳይንስ ስሟን ያገኘችው ከጌዶ ከተማ ነው። እኔም በጣም የምፈልገው እሷን ነበር።

"ጌዶ? የኛ ጌዶ?"

አባቴ በወጣትነቱ መጀመሪያ የተመደበው ጌዶ ነው። አምቦ በወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን። ጤና ጣቢያ ትሠራ የነበረችውን እናቴንም ያገኛት እዚያው ነው። ሊቀመጥ ወንበር ሳበ፤ ሳይቀመጥ ቀረ።

"ነገ እንሂድ" አለ።

በማግሥቱ ሄድን። መንገዱ እድል ሆኖ ክፍት ነበር። በሚኒባስ እስከ ጌዶ ደርሰን፣ በከተማው ዙሪያ ባለው ዳገት ላይ ስንወጣ ስንወርድ ዋልን። አበባው ሞልቷል። እኔ እየቆረጥኩ ቦታውን እጽፋለሁ፤ እሱ ደግሞ ባየው ማሳ ሁሉ እየገባ ስንዴውን ይመረምራል፤ ባለቤቱን አስጠርቶ ይመክራል። ማታ አምቦ ስንደርስ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። አበባው ብቻውን አያወራም። ዝርያዎቹን በእርግጠኝነት የሚለየው ፍሬው ነው። ቅርጹ ምን ይመስላል? ዳሩ ክንፍ አለው? ጫፉ ላይ እንደ ቀንድ የወጡ ሁለት እሾሆች አሉት? ይሄ ሁሉ የሚታየው ፍሬው ሲበስል ነው።

"መቼ ነው የሚበስለው?" አለ አባቴ።

"ኅዳር።"

"እንግዲያው በኅዳር እንመለሳለን" አለ፤ ቀላል ነገር እንደሆነ ሁሉ።

ኅዳር ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ። ተማሪዎች ወደየአገራቸው ሄደው ግቢው ጭር አለ። ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። እኔ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። "ጤፍ አጨዳ ደርሷል፤ ከብት ይለቀቅበታል፤ በቃ ረገፈ" እላለሁ። እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ አይወርድልኝ። ጥፍር ለማያክል ፍሬ ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ? ይሆናል። አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ሲሟሽሽ ይታየኝ ነበር። አባቴ ከጎመኑ መሐል ቀና እያለ ያየኛል።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ጠራሁት፤ አልመለሰም። አልጋው ተነጥፏል። ከዘራው የለም። ጓሮ የተሰቀለው ባዶ ጆንያም የለም። ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ "ኦቦን ነው የምትፈልጊው? በጠዋት በጉደር መንገድ ሲሄዱ አየኋቸው፤ ጆንያ በትከሻቸው" አለችኝ።

መናኸሪያ ሮጥኩ። ባዶ ነው። ጥላ ሥር ካርታ የሚጫወቱ ሾፌሮችን ጠየቅኩ። "ዛሬ ምንም መኪና አልወጣም እህቴ" አሉኝ። በእግሬ ጉደር ድረስ ሄድኩ። ድልድዩ አጠገብ አንድ ባለጋሪ አንድ ሽማግሌ ጭኖ ትንሽ ወደፊት እንዳደረሰ ነገረኝ። "ወዴት ነው የሚሄዱት ብላቸው፣ 'ዘር ፍለጋ' አሉኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ልደውል ብል ስልክ የለ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ እሱንም ማግኘት አልችልም። በማግሥቱም አልመጣም። ያኔ ፍሬውንም፣ ጥናቱንም፣ የሳይንስ ስሙንም አንድ ላይ ረገምኳቸው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቀን፣ ከሰዓት፣ ድንች ጭኖ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሾልኮ የመጣ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ከድንቹ አናት ላይ ወረደ። ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ ያነክሳል። ጆንያው ግን ጢም ብሎ ሞልቷል።

"ብትሞትስ?" ብዬ ጮህኩበት። "መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢያገኝህስ? ማን ይነግረኝ ነበር?"

"አልሞትኩም እኮ፣ ኢንተላ ኮ" አለ። "ይልቅ ውሃ ስጪኝ።"

ልጄ ሲለኝ ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። እግሩን እያጠብኩ አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው። "ክፈቺው" ይላል፣ "መጀመሪያ ክፈቺው።"

ጆንያው ውስጥ ያልነበረ ነገር የለም። አበባው ከረገፈ በኋላ መለየት ስላልቻለ ከጉደር እስከ ጌዶ ባለው መንገድ አናቱ የደረቀ ግንድ ያየበትን ሁሉ ሰብስቧል። ኬሎ፣ መጭ፣ ኮሸሽላ፣ ባለቤቱ ያልወቃው ኑግ ጭምር። ሁሉም ተጨምቆ፣ ተጣልፎ፣ ተሰባብሮ። ሳሎኑ ወለል ላይ አንሶላ ዘርግተን መለየት ጀመርን። የመጭ ፍሬ እንደ ኑግ ልሙጥና ጥቁር ነው፤ ወደዚህ። ቀንድ ያለው ወደዚያ። ክንፍ ያለው ለብቻ። መንገዱ እስኪከፈት ሥራችን ይሄው ሆነ። አባቴ አንዱን ፍሬ በጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ያነሣና፣ "ይሄኛው የማን ልጅ ነው?" ይለኛል። ወር ሙሉ አጥር ሳያፈርስ የቀረው ያኔ ብቻ ነው።

መንገድ ሲከፈት የለየነውንም የመስከረሙን ናሙናም ይዘን አዲስ አበባ፣ የደረቁ ዕፅዋት ወደሚቀመጡበት ክምችት ሄድን። በዕድሜ የገፉ አንዲት ተመራማሪ ተቀበሉን። እያንዳንዱን በማይክሮስኮፕ አዩ፤ ከመደርደሪያው የቆዩ ናሙናዎችን እያወጡ አስተያዩ። በመስከረም እኔ በጥንቃቄ የሰበሰብኳቸው ሁሉ የተለመዱት ዝርያዎች ሆኑ። ከጆንያው የወጡ ጥቂት ግንዶች ላይ ሲደርሱ ግን ቆዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይቺ ናት" አሉ። "የጌዶዋ። በጣም ጥሩ ፍሬ ይዛለች። ከየት ነው የሰበሰባችኋት?"

እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ።

"ከመንገድ" አለ።

"ከየትኛው ቦታ?"

አባቴ ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ሁሉንም በአንድ ጆንያ ነው የከተትኩት።"

ተመራማሪዋ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ "የተገኘችበት ቦታ ካልታወቀ መመዝገብ አልችልም" አሉ። "ስም አላት፤ አገር የላትም።"

ስንመለስ ሆለታ ላይ አባቴ በመስኮቱ እያየ፣ "አገር የላትም ትላለች እንዴ!" አለ። ጊንጪ ስንደርስ ደግሞ ደገመው። ያን ዓመት ሙሉ ሲተኛም ሲነሣም ያንን መንገድ በልቡ ሲሄደው ነበር። ሻይ እየጠጣን ድንገት፣ "ከትልቁ ዋርካ በፊት ነው" ይለኛል። ማታ ላይ፣ "አይደለም፣ ከዋርካው በኋላ ነው።"

መስከረም ሲጠባ ተነሣን። በሚኒባስ ሆነን አባቴ በየመታጠፊያው "ወራጅ!" ይላል። ወርዶ ያያል፤ "እዚህ አይደለም" ብሎ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ረዳቱ ተማረረና፣ "አባባ፣ ወይ ይሂዱ ወይ ይውረዱ" አለው። ወረድን። ሚኒባሱ ሄደ። ዝናብ ጀመረ። ጭቃው ጫማዬን ይዞ አለቅም አለ።

"ታስታውሳለህ ወይስ አታስታውስም?" አልኩት።

"አስታውሳለሁ።"

"የቱ ጋ?"

"ስደርስ አውቀዋለሁ።"

"አባዬ፣ እኔ በዚህ ዓመት መጨረስ አለብኝ!"

"ታዲያ ምን ታቆሚኛለሽ? ነይ እንጂ!" ብሎ ወደፊት ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ አባቴ ውሃ ጠማው። ከመንገዱ ከፍ ብሎ ካለ አንድ ቤት ደጃፍ ቆመን ውሃ ጠየቅን። "ቢሻን" አለ አባቴ በኦሮምኛ። መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች። ልትሰጠው እጇን ዘርግታ ቆም አለች። ፊቱን አየችው፤ ከዘራውን አየችው።

"እርስዎ አምና የመጡት ሰውዬ አይደሉም? ባለጆንያው?"

አባቴ ጣሳውን ሳይቀበል ቀረ። "አምና እዚህ ነበርኩ?"

"ውሃ ጠጥተው ከጓሮዬ ካብ ላይ ደረቁን አረም ሁሉ ለቀሙልኝ እኮ! እኔማ ባሌን፣ 'ምስኪን፣ ምን ነክቷቸው ይሆን' ስለው ነበር። ቤተሰብ ያላቸውም አልመሰለኝም።"

እየሮጥን ወደ ጓሮ ዞርን። አፈሩ እንዳይሸረሸር የተካበው የድንጋይ ካብ በዳገቱ ላይ ረዘም ብሎ ይታያል። በድንጋዮቹ መሐል፣ ከላይ እስከ ታች፣ አበባው ፈክቷል። ተንበርክኬ ቅጠሉን አየሁ፤ ግንዱን አየሁ። አመሳሰልኩ። ቦታውን በስልኬ መዘገብኩ፤ እንዳይጠፋም ደብተሬ ላይ ደገምኩት። አባቴ ለሴትየዋ በኦሮምኛ አንድ በአንድ ያስረዳታል፤ እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። በኅዳር ፍሬውን መጥተን እስክንወስድ እንዳትነቅለው ለመናት። "እርስዎ ካሉ ማን ይነካዋል" አለችው። በዚያ ዓመት መንገዱ አልተዘጋም። ፍሬውን ወሰድን፤ ናሙናዋ አገሯን አገኘች፤ እኔም ተመረቅኩ።

አባቴ ግን አላረፈም። በበጋው እቃውን ሸክፎ ጌዶ አንድ ክፍል ቤት ተከራየ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ "በዚህ ዕድሜው ብቻውን? አንቺ ነሽ ያሳበድሽው!" አለኝ። ልንመልሰው አብረን ሄድን። ከእናቴ ጤና ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ለአከራዩ ስለ ብስባሽ ሲያስተምር አገኘነው። ሻይ አጠጣን፤ ድንች ቀቀለልን። ስለ መመለስ ስናነሣበት ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

አሁን እኔ አስተማሪ ነኝ። እሱ በየጠዋቱ ይደውላል፤ የቱ ዳገት እንዳበበ፣ የቱ እንደረገፈ ይነግረኛል። የማይደውልበት ጠዋት ሲኖር ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ የምለውን እረሳለሁ። ባለፈው መስከረም ተማሪዎቼን ይዤ ሄድኩ። አባቴ ውሃ በሰጠችን ሴት ካብ ላይ ቆሞ፣ ከዘራውን ወደ አበባው ቀስሮ፣ "ይሄ ዳር ዳሩ ያለው ቅጠሉ ነው..." እያለ ጀመረ።

"አባዬ፣ ቅጠል አይደለም። አበባ ነው፣ እያንዳንዱ" አልኩት።

ተማሪዎቹ ሳቁ። አባቴ ተቆጣ። "እሺ፣ ሌላ ያላያችሁት አለ፤ ከፈለጋችሁ ኑ" ብሎ ከዘራውን እየወዘወዘ ዳገቱን ወጣ። ቆሞ አይጠብቅም። እያለከለክን ተከተልነው።