ቅራሪ የተባለው የእማዋይሽ ጠላ

አያ ክንዱ ስለ ጠላ ሲናገሩ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች፣ ሠርግ የደገሰም ሆነ ተዝካር የሚያወጣ ጋኑን ሳያስቀምሳቸው እንግዳ አይጠራም። ጎንጨት ያደርጉና ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣብቀው ጥቂት ይቆያሉ። «ጋኑ በወይራ ታጥኗል፤ ጌሾው ግን የከረመ ነው» ካሉ ጠማቂዋ ራሷ «እውነትዎን ነው» ትላለች። በዚህ የተነሣ የሰንበቴው ማኅበር አለቃ፣ ሙሴ፣ ተደርገው ተሾሙ፤ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ያመጣውን ጠላ ከሁሉ በፊት ቀምሰው የሚፈርዱት እርሳቸው ሆኑ። ጥርሳቸው ረግፏል፣ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ምላሳቸው ግን አንድ ቀን አላሳፈራቸውም።

መሬት በተሸጋሸገ ዓመት፣ በመስከረም፣ ተራው የእማዋይሽ ሆነ። እማዋይሽ ከአዴት ተድራ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ቡሬ ገበያ ዳር ጠላ ሸጣ የምትኖር ሴት ናት። ሰንበቴ ከገባች ይህ የመጀመሪያ ተራዋ ነበር።

የዚያን ዕለት ንጋት ላይ አያ ክንዱን ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ሚስታቸው ሳትነሣ ፌጦ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ለውሰው ዋጡ። ቁርጠቱ ረገበ፤ አፋቸው ግን ተለብልቦ ደነዘዘ። ከቅዳሴ በፊት እህል የቀመሰን ሰው በአደባባይ የሚገሥጹ እርሳቸው ናቸው። እናም ለማንም ሳይተነፍሱ ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ቅዳሴው አልቆ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላም ሲቀመጥ፣ እማዋይሽ ከእንስራው ቀዳች፤ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አያ ክንዱ ጎነጩ። ውሃ ይሁን ማር አልለዩትም። ደገሙ። ፌጦው ብቻ ለበለባቸው። ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። ጨነቃቸውና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት፤ ጠላው እንደ ገብስ ገለባ ቢጫ፣ የብርጭቆው ወለል እስኪታይ የጠራ ነበር። የአገሩ ጠላ ጥቁር ነው።

«ምነው ዝም አሉ፣ ሙሴ?» አለ እንዳለው የሚባለው ባልንጀራቸው። «ምላስዎን ይዞብዎት ገባ እንዴ?»

«ቅራሪ ነው» አሉ አያ ክንዱ።

ዋናው ጠላ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ጨምረው የሚቀዱትን የገረጣ ቅራሪ ለሰንበቴ ማምጣት ማኅበሩን መናቅ ነው። ሰው ለወጉ ያህል ከንፈሩን አርሶ አስቀመጠ። የጣፈጠውም ቢኖር የገዛ ምላሱን ተጠራጠረ። እማዋይሽ ሙሉ እንስራዋን አዝላ ተመለሰች። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ቡሬ ገባ።

አያ ክንዱ አፋቸው የተመለሰላቸው ዕለት ወደ ቤቷ ወረዱ። በገበያ ቀን ሰው ይጋፋበት የነበረው መደብ ባዶውን ተቀምጧል።

«ከዚያ ከሰንበቴው የተረፈ እንዳለ ቅጂልኝ።»

«ከቅራሪው?» አለችና ቀዳችላቸው።

ጠላው ሆምጠጥ ማለት ጀምሯል። ቢሆንም በመጀመሪያ ገብሱ መጣ፤ ሳይከስል ለስለስ ብሎ የተቆላ፣ እሸት እሸት የሚሸት ገብስ። ጌሾው ቆይቶ ከምላሳቸው ሥር መረር አለና ለቀቀ። የወይራው ጢስ ከኋላ ነው፣ ከሩቅ። እንዲህ ያለ ጠላ በዕድሜያቸው ቀምሰው አያውቁም። አንገታቸውን ደፉ።

«እማዋይሽ፣ እኔ ያን ዕለት በዓይኔ ነው የፈረድኩብሽ። ፌጦ በልቼ አፌ ሞቶ ነበር።»

ሴትዮዋ እንስራዋን ከደነች። «ታዲያ ለእኔ ምን ይነግሩኛል፣ አያ? እኔማ ጠላዬን አውቀዋለሁ። የፈረዱብኝ ሰው ፊት ነው።»

በሚቀጥለው ሰንበት ተረኛው ታከለ ብርጭቆ ሲያቀርብላቸው አያ ክንዱ አልተቀበሉም። ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ።

«ከቅዳሴ በፊት?» አሉ ቄስ ገብረሰንበት።

«ከቅዳሴ በፊት።»

«አዬ ሙሴ!» ብሎ ባልንጀራቸው እንዳለው ጭኑን መታ። «እኛን ለአንዲት ፍሬ ሽምብራ ቁም ስቅላችንን ያሳዩናል፤ ለካ እርስዎ በጓዳ ፌጦ ይቅማሉ!»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ሞላ። ቄሱም ፈገግ አሉ። «ለሕመም ነው፤ እግዜር ይፍታዎ። ጥቂት ይስገዱ። በል ታከለ፣ ቅዳ።»

«ኧረ እኔ የምላችሁ ስለ ጠላው ነው! የሴትዮዋ ጠላ እኮ…»

«ይተዉት አያ፣ አልፏል» አላቸው ታከለ፤ ብርጭቆውንም መልሶ በአክብሮት አስጨበጣቸው። ሁሉም ይቅር አላቸው፤ ስለ ፌጦው። እማዋይሽ በዚያ አልነበረችም።

ጥር ላይ እንደገና ቤቷ ሄዱ። መደቡ በጠጪ ተሞልቷል፤ ደስ ሊላቸው ምንም አልቀረም። የቀዳችላቸው ጠላ ግን ጥቁር ነው። እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ገብሱን አክስላ ቆልታዋለች። ቀመሱት። ነውር የለበትም፤ በየቤቱ የሚጠጣው ዓይነት ነው።

«ያ ቢጫውስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማን ይጠጣዋል?»

«እኔ እጠጣዋለሁ።»

«አንድ ሰው ጋን አይጨርስም፣ አያ» አለችና ለሌላ ሰው ልትቀዳ ዞረች።

አያ ክንዱ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ሳይሉ፣ የተቀዳላቸውን እስከ አተላው ጨለጡት።