የእግዜር ነዳጅ

ባለቤቴ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። የእንጦጦን አናት አልፎ መንገዱ ወደ ከተማው ማዘንበል ሲጀምር፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን ያጠፋና ማርሹን ፍሪ አድርጎ መኪናውን ይለቀዋል። የመስመሩ ሹፌር ሁሉ ያደርገዋል፤ የማያደርገው ይሳቅበታል። ጋቢና አጠገቡ ስቀመጥ ያ ዝምታ ደስ ይለኝ ነበር። የባሕር ዛፉ ሽውታ ይሰማል፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች የሚያሙት ሰው እንኳ ይታወቃል።

"ቁልቁለት የእግዜር ነዳጅ ነው፤ ወረፋ የለውም" ይለኝ ነበር።

ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን፣ ማደያ ተሰልፎ ያገኛትን ጥቂት ነዳጅ ላለማባከን ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ በባዶ ማርሽ ሲወርድ ፍሬኑ እንቢ አለው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬንም አቅም እንደሚያጣ ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃሉ። ግን ስንት ዓመት ይዞላቸዋል። ባሌ ቁልቁለቱ መሃል ካለው ኩርባ ላይ ሞቶ ቀረ።

እኔ ሥራዬ ከተማ ስለሆነ ኩርባውን ማለፌ አልቀረም። ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ። ልጃችን አድጎ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ሲለኝ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም ብዬ ቤቱን አናወጥኩት። ልጁም የአባቱ ልጅ ነውና ደብቆኝ አወጣ። ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከርሞ በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንዲነዳ ተቀጠረ፤ ያውም በዚያው መስመር። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

"እማዬ፣ አንድ ቀን አብረሽኝ ውረጂ። ከፈራሽ እተወዋለሁ፣ እውነቴን ነው" አለኝ።

ላስተወው ቆርጬ ነው የተሳፈርኩት። ጋቢና ተቀመጥኩ። ዳገቱን ስንወጣ ሰው ያወራል፣ ሬዲዮ ይጮኻል፣ እኔም ጸሎቴን እደግማለሁ። አናቱ ላይ ልጄ ሬዲዮውን ዘጋው። ያ ዝምታ መጣ። የባሕር ዛፉ ሽውታ ተሰማኝ።

"ሞተሩን አስነሳው! በማርያም አስነሳው!" ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ "ሂን ሶዳቲን ልጄ፣ አትፍሪ። የዚህ ሞተር ድምፅ የለውም እኮ።" እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት እኔ ነኝ።

"እየሠራ ነው እማዬ" አለ ልጄ ቀስ ብሎ። "እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ራሱ ፍሬን ይይዛል። የያዘበትን ጉልበት ደግሞ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። የባትሪውን ቁጥር እዪው።"

መሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ስክሪን አየሁ። መኪናው ማንም ፍሬን ሳይረግጠው፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ሰው ከኋላ እንደያዘው ሁሉ ይወርዳል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ቁልቁለት የለመነው ይህንኑ ነበር። ለምን አሁን ብዬ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ኩርባው ላይ ደረስን። እዚያው ላይ፣ አባቱ በቀረበት ቦታ፣ ቁጥሩ በአንድ ጨመረ።

"ልተወው?" አለኝ ልጄ፣ መንገዱን እያየ።

"ንዳ" አልኩት። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ይህ መኪና ለአባቱ አልደረሰለትም።