በተዘጋ በር ላይ የተጸለየ ጸሎት

ቁልፍ ሠሪው አንድ ጥቅስ ነበረችው። ሌላውንም ያነባል፣ ያስጠናልም፤ ዞሮ ዞሮ መውደቂያው ግን እሷው ናት፦ ክርስቶስ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል የምትለዋ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁን ሲዘጋ የጥናት ቡድኑ ሳሎኑ ውስጥ ይሰበሰባል። ኦሪት ቢጀመር፣ መዝሙር ቢጀመር፣ ጥቂት ቆይቶ እዚያው በር ላይ መድረስ አይቀርም።

«እኔ የስንቱን ቤት ከፍቻለሁ» ይላል፣ የብረት ብናኝ የጠጣ ጣቱን እያነሣ። «እምቢ ያለኝ ሴራቱራ የለም። ጌታ ግን ያን ሁሉ ሥልጣን ይዞ በሩን አይነካካም። ያንኳኳል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል። አያችሁ ጨዋነቱን!»

ሚስቱ ከኩሽና፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፤ ግን አይለቅም።

የያዘበት ምክንያትም ነበረው። ወጣት ሳለ አንድ አከራይ፣ ተከራዮቼ አልወጣ አሉኝ ብሎ በር አስከፈተው። ውስጥ አንዲት አራስ ብቻዋን ነበረች። በሩ ወለል ሲል አንሶላዋን ወደ አንገቷ እየሳበች የጮኸችው ጩኸት ለዓመታት ከጆሮው አልወጣም። ኋላ ስለሚያንኳኳው ጌታ ሲያነብ አለቀሰ፤ ሰው ሳይፈቅድ የሰው ቤት ላለመግባትም ማለ።

ጸሎቱን በተመለከተ እንኳ ዝም ማለት ይሻላል። ድምፁ ትልቅ፣ መጨረሻው ሩቅ ነው። በቁልፍ መቅረጫ ማሽን ጩኸት ሥር የኖረ ሰው ነውና ማንም አልፈረደበትም።

ጠቡን ያመጣው የሾፌሩ እንቅልፍ ነው። ሾፌሩ ዕድሜውን አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ቁልፍ ሠሪው ከቡድኑ ሁሉ እሱን አብልጦ ይወዳል። ያን ማክሰኞ ጌታ በአትክልቱ ስፍራ በጭንቅ ስለ ጸለየበት ሌሊት ሲያጠኑ ሾፌሩ አንቀላፋ፤ አልፎም አንኮራፋ።

«ደቀ መዛሙርቱም እንዲሁ ነው ያሸለቡት!» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ደግነቱ አሁን መሪ አልያዝክም፤ ሁላችንንም ገደል ትከተን ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ግን ኮፍያውን አነሣና፣ «እኔ በዘመኔ አንድም ሰው ገደል አልከተትኩም» ብሎ ወጣ። ቁልፍ ሠሪው ቀልዱ እንደ መረረ ገብቶታል። ይቅርታ መጠየቁ ግን ከበደውና ነገ ዛሬ ሲል ሳምንቱ ተጋመሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ፣ «ሂድና ታረቅ፤ አንተ ሰውዬ፣ ለጌታ የምታወራለትን ትሕትና ምነው ለራስህ ብታደርገው!» ብላ ገፍታ አስወጣችው። ሄደ፤ አንኳኳ። መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ። ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል።

«አለህ እኮ! ሬዲዮህ እየለፈለፈ ነው!»

ዝም። አኩርፏል ብሎ ደመደመ። የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነው፤ የዚያን በር ሴራቱራም የገጠመው ራሱ ነው። መክፈት ግን በሐሳቡም አልመጣም። መዳፉን በሩ ላይ አሳርፎ፣ ጌታ የወንድሙን ቂም እንዲነቅል፣ የልቡን በር እንዲከፍት ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸለየ። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ለራሱም ጥሩ ጸሎት መሰለው። ቤቱ ተመልሶ ሚስቱን፣ «የበኩሌን አድርጌያለሁ» አላት።

እሑድ ከሰዓት የሾፌሩ ልጅ ከሌላ ከተማ ደወለች።

«ጋሼ፣ አባዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስልክ አያነሣም። እባክዎ ሄደው ይዩልኝ።»

«ትናንት ሄጄ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። አልከፈተልኝም።»

«አልከፈተልዎትም?» አለች። «ታዲያ እርስዎ ቁልፍ ሠሪ አይደሉ እንዴ?»

ክው አለ። ስልኩን መዝጋቱን፣ ጫማ ማድረጉን፣ በየት በኩል እንደ ሮጠ እንኳ አያውቅም። ሬዲዮው አሁንም ይለፈልፋል። ቀጭኑን ሽቦ ወደ ቀዳዳው ሲሰድ ሌላ ታሪክ ድንገት መጣበት። ደቀ መዛሙርቱ በፍርሃት በራቸውን ዘግተው ሳለ፣ ከሞት የተነሣው ጌታ ማንም ሳይከፍትለት ገብቶ በመካከላቸው መቆሙ! ያው የሚያንኳኳው ጌታ። ይህን ክፍል ስንቴ አስጠንቶታል፤ ሁልጊዜ ግን ስለ ቶማስ ለማውራት ሲቸኩል በሩን ዘሎት ያልፋል። ዕድሜ ልኩን በር ሲያይ የኖረ ሰው ይህን በር አላየውም።

ሴራቱራው ወዲያው ተከፈተ። ያስደነገጠውም ይኸው ነው፤ ምንም ጊዜ አልፈጀም።

ሾፌሩ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቋል። አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ሽንቱ ልብሱ ላይ ደርቋል። ቁልፍ ሠሪው የሞተ መስሎት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ጎረቤት ግር ብሎ ሲገባ የሾፌሩ ዓይን ተንቀሳቀሰ።

ሆስፒታል ሲያደርሱት ሐኪሟ የዳሌው አጥንት መሰበሩን ነገረቻቸው፤ ሌላ አንድ ሌሊት ቢያድር ኖሮ ኩላሊቱ አይተርፍም ነበር አለች። በማግሥቱ ቁልፍ ሠሪው አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቅዳሜ መጥቼ ነበር» አለ። «ያኮረፍክ መስሎኝ…»

«ሰምቼሃለሁ» አለ ሾፌሩ።

«ሰማኸኝ?»

«ዓርብ ማታ ነው የወደቅሁት። ቅዳሜ ራሴን ስቼ ነበር፤ ድምፅህ አነቃኝ። ጠራሁህ። አቅም አልነበረኝም፣ አንተም ትጸልያለህ። አሜን ስትል እጮኻለሁ ብዬ ትንፋሼን አጠራቀምኩ። አንተ ግን አሜን እያልክ ሄድክ።»

ቁልፍ ሠሪው የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። ከዚያ የለመደውን አደረገ፦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ጌታ ሆይ፣ በወንድሜ ላይ የሠራሁትን…» ብሎ በዚያ ትልቅ ድምፁ ጀመረ። የሌላ አልጋ በሽተኞች ሁሉ ዞሩ። ስለ ክፋቱ፣ ስለ መታወሩ፣ ስለ ልቡ ድንዳኔ አንድ በአንድ ሲዘረዝር አንድ ነገር እጅጌውን ሳብ አደረገው።

ዓይኑን ገለጠ። የሾፌሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል ግን አይሰማም። ቁልፍ ሠሪው ጸሎቱን ከመሃል ቆረጠና ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ጠማኝ እኮ ነው የምልህ» አለ ሾፌሩ።