በፍራሹ ላይ የተኛው ልጅ

ሰፈሩ «እንቅልፍ ሻጩ» ይለዋል። ፍራሽ ሠሪ ነው። እሱ ራሱ ግን ደህና እንቅልፍ ካየ ስንት ጊዜው! ሚስቱ «ለሰው ሁሉ ሲያድል ለእኛ ሳይተርፈን ቀረ» እያለች ትቀልድበታለች። ድሮ አብሯት ይስቅ ነበር፤ አሁን አሁን ለሳቁም አቅም አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የጥጥ ብናኝ ሲምግ የኖረ ሰው ጎኑን ባሳረፈ ቁጥር ሳሉ ይነሳበታል። ሳሉ ጋብ ሲል ደግሞ ሐሳቡ ይተካል።

መሥሪያ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ጥጡ በአንድ ጥግ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ ወለሉ ላይ ሸራ ተነጥፏል። ጉልበቱ ላይ የጎማ ቁራጭ አስሮ ይንበረከክና ጥጡን በዱላ እየመታ ያፍታታል፣ ልባሱ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ በረጅሙ መርፌ ወዲህና ወዲያ እየወጋ ይሰፋል። ሲያልቅለት ፍራሹ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ ይለጥፋል። ጨርቋ ላይ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ጉንጩን መዳፉ ላይ አሳርፎ ድብን ያለ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አለ። ሰዉ «የተኛው ልጅ አለ?» እያለ ነው የሚመጣው። የሱን የሠሪውን ስም የሚያውቅ የለም፤ እሱም ግድ አልነበረውም።

ጣጣው የጀመረው አንዲት ሴትዮ ፍራሽ በጋሪ አስጭና መጥታ በሩ ላይ ያስወረደች ቀን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም? ጎኔ እኮ በስብሶ አለቀ!»

ስፌቱን ቢተረትረው ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቡትቶ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ የአንድ እግር ካልሲ። «እህቴ፣ ይኼ የእኔ ሥራ አይደለም» ቢላት፣ ጥግ ላይ ያለውን ጨርቅ በጣቷ እየመታች «ታዲያ ይኼ ልጅ የማነው?» አለችው። ልጁ ያው የሱ ልጅ ነው። ትንሽ ጉንጩ ተነፋ እንጂ ያው ነው። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። የድሮ ደንበኞቹ በሩን እያዩ አልፈውት መሄድ ጀመሩ። እንጀራው ነው እንግዲህ፤ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለው።

አጣርቶ አስመሳዩን ደረሰበት። መናኸሪያው አጠገብ ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ሄዶ ቢያናግረው ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ምልክቱ ያንተ ስለመሆኑ ወረቀት አለህ?» አለው።

«ንግድ ፈቃድ አለኝ!»

«እሱማ እኔም አለኝ፤ ያውልህ ግድግዳው ላይ» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

በሰው ምክር ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄደ። እዚያ አንዲት ትዕግሥተኛ መርማሪ አገኘ፤ ነገሩን አፍታታ ነገረችው። ንግድ ፈቃድ ነግድ የሚል ፈቃድ ነው፤ ምልክቱን ያንተ አያደርገውም። የንግድ ምልክት ለብቻው ይመዘገባል፣ ለምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ተጠቅሶ። ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳው ላይ የሰቀላት ወረቀት ለዚህ ነገር እንዳልረዳችው ሲሰማ ወገቡን ቁርጥ አደረገው። ቢሆንም አመለከተ። ምስሉን አስገባ፣ የተጠየቀውን ከፈለ፣ ደክሞት ቤቱ ገባ።

ከሰነበተ በኋላ ጠሩት። መርማሪዋ ምስሉን እያየች፣ «ይኼ ልጅ ዝም ብሎ ሥዕል ነው ወይስ ሰው?» አለችው።

«ወንድሜ ነው። ታላቄ። በልጅነቱ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አለ።»

«እንግዲያው መልካቸው ለምልክት እንዲውል ፈቅጃለሁ ብለው ይፈርሙ። እስከ ቀነ ገደቡ ካላመጡ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ከእርስዎ በኋላ ይኼንኑ የሚመስል ያስገባ ሌላ አመልካች ስላለ እንዳይዘናጉ።»

ሌላው አመልካች ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገውም። ግን ምነው ሌላ ነገር በጠየቀችው! ከወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ዘመን አልፏል። ድሮ ጥጡን አብረው ነበር የሚነድፉት። ታላቅየው አንድ ቀን «ጥጥ አበቃለት፤ ስፖንጅ አምጥተን እንሽጥ» ቢል፣ ታናሽየው ደሙ ፈላና ደንበኛ ፊት «አንተ ድሮም ሰነፍ ነህ፤ በእኔ ላብ ነው የምትበላው» አለው። እንዲህ ይባላል? ለዚያውም ለታላቅ! ወንድምየው ሽርጡን ፈትቶ፣ አጥፎ፣ ጥጡ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልተመለሰም። ታናሽየው ይቅርታ ለማለት ስንቴ ተነስቶ ስንቴ ከመንገድ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ ማለቱ ሲያቅተው፣ ሥዕል የሚችል ሰው ወደ እናቱ ቤት ወስዶ፣ ከወንድሙ አልጋ በላይ የተሰቀለችውን ፎቶ አሳየውና «ፊቱን ብቻ አውጣልኝ» አለው። እነሆ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን መልክ በየፍራሹ ሲሰፋ ኖረ። ይቅርታው ይቺው ነበረች።

ነገ ነገ ሲል ቀነ ገደቡ ደረሰ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሚስቱ ኮቱን አቀበለችው። «በል ሂድ። ከእንግዲህ ያንን ነጋዴ ‹ፍቀድልኝ› ብለህ ልትለምን ነው?» ብላ ገፋ አደረገችው።

ታላቅ ወንድሙ ቁልፍ ቀራጭ ሆኗል። ሱቅ የሚባል ነገር የለውም፤ አንድ ማሽን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ እስከ ታች ቁልፍ የተንጠለጠለበት ግድግዳ። ጎንበስ ብሎ እየቀረጸ ነበር፤ ጠጉሩ ሸብቷል።

«ጋሼ።»

ቀና አለ። አየው።

«ፊርማ ፈልጌ ነበር» አለው ታናሽየው። እስቲ አሁን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መጀመሪያ የሚባለው ይኼ ነው? ያንን አፉን በዚያ በረጅሙ መርፌ ቢሰፋው ይሻለው ነበር።

«የምን ፊርማ?»

ጨርቋን ዘረጋለት። «ለዚህ። ላስመዘግበው ነው። መልኩ ያንተ ስለሆነ…»

ታላቅየው ማሽኑን አጠፋ። «የማን መልክ?»

«ያንተ።»

«አሁን ይኼን እኔ ነኝ ትላለህ?» ተነስቶ ከተንጠለጠሉት ቁልፎች ኋላ እጁን ሰደደና ያቺን ፎቶ አወጣት። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እሱ ዘንድ ናት። የተኛው ልጅ አለ። ከራሱ በላይ ደግሞ፣ ከፎቶው ጠርዝ፣ የካርቶን ቁራጭ የያዘች የሌላ ልጅ እጅ አለች። «ይቺ እጅ የማን ናት?»

ታናሽየው ፎቶዋ ላይ አጎነበሰ።

«የኔ ናት! ፎቶ አንሺው ሲመጣ አንተ ደግሞ አልቅሰህ አልቅሰህ አልነሳም አልክ። እማዬ ‹አስተኛልኝ፣ ተኝቶም ቢሆን ይነሳ› አለችኝ። ዝንቡን ስከላከልልህ እጄ ዝሎ ነበር። ይኼ አንተ ነህ ማሙሽ!»

ማሙሽ። ይኼን ጎልማሳ እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሌላ ሰው አልቀረም። እሱ ደግሞ ምን ያድርግ? ፎቶዋ ከወንድሙ አልጋ በላይ ነበረች፤ ተኝቶ ያየውም ወንድሙን እንጂ ራሱን አይደለም። ማን ራሱን ተኝቶ አይቶ ያውቃል?

«ገበያ ውስጥ ፍራሽህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር» አለ ታላቅየው። «የራሱን ፊት አስቀርቶ እኔን ቆርጦ ጣለኝ እያልኩ።»

«ኧረ ጋሼ! አንተ መስለኸኝ እኮ ነው! ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ… በየፍራሹ የለጠፍኩህ መስሎኝ።»

ታናሽየው እንባው መጣ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«መልክህ ጠፍቷል፤ ትንሽ አረፍ በል» አለው ታላቁ።

ለትንሽ ነበር ያለው። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ከደነ፤ በቃ። ሳሉም አልመጣ፣ ሐሳቡም አልመጣ። ታላቅየው ማሽኑን አላስነሳም። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣውን ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ እያደረገ በእጁ ይመልስ ነበር።

«ማሙሽ፣ ተነስ፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

እየሮጡ ደረሱ። መርማሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ነበር፤ ሁለቱንም አየቻቸውና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ፈቃዱስ?»

«ልጁ እኔ ነኝ» አላት እንቅልፍ ሻጩ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ምስሉን አየች፤ እሱን አየች። ያ ሙሉ ጉንጭ፣ ይኼ የጎደጎደ ዓይን። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ምኑም እርስዎን አይመስልም።»

«ደክሞኝ ነው እህቴ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ያዘችው። «ባለፈው ወንድሜ ነው ብለውኛል፤ አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ይሉኛል። እርስዎ መሆንዎን የሚያውቅ ሰው መጥቶ በፊርማው ያረጋግጥ። ከዚያ በጋዜጣ ይወጣል፤ የሚቃወም ካለ ይጠበቃል።»

«ገና ሌላም አለ?» አለ በደከመ ድምፅ።

«አለ። መጀመሪያ ግን ምስክሩ።»

ታላቅየው ከኋላ ቀረብ ብሎ ፎቶዋን መስኮቱ ላይ አኖረ። «እኔ አለሁ።»

«ይኼ ልጅ እሳቸው መሆናቸውን እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«ያስተኛሁት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ፎቶዋ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ እጅ አየች። ከዚያ መስኮቱን የያዘውን፣ የብረት ብናኝ የጠገበውን ትልቁን እጅ አየችና ብዕሩን ሰጠችው።