የጋሽ ተረፈ ሁለት በሮች

ልጅ ሳለሁ፣ የካ ሚካኤል ግርጌ፣ የክረምቱ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው፣ የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ተረፈ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ጋሽ ተረፈ በወጣትነታቸው የአንድ ዲፕሎማት ምግብ አብሳይ ሆነው አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ ጎረቤታችን ነበሩ። የባሕር ዛፍ ፍም የሞላውን ምድጃ ወደ መሃል ይገፉና፣ ኩራዙን ዝቅ አድርገው፣ ሌላው ሽማግሌ ስለ ጅብና ስለ ጦጣ በሚያወራበት ሰዓት እርሳቸው ስለ ሁለት በሮች ያወሩልን ነበር።

ያኔ እዚያ አገር በሕግ ምግብ ቤቱ ነጩን በፊት ለፊቱ፣ ጥቁሩን በጓሮ በር ነበር የሚያስገባው። ጋሽ ተረፈ ሙሉ ሱፍ ለብሰው በፊተኛው በር ሊገቡ ሲሉ አስተናጋጁ ወደ ጓሮ ጠቆማቸው። ቤት ተመለሱና ለጥምቀት ያስቀመጡትን ባለጥበብ ነጠላ ለብሰው፣ አማርኛቸውን እያንበለበሉ በዚያው በፊተኛው በር ብቅ አሉ። አስተናጋጁ ንጉሥ የመጣ መስሎት ጎንበስ ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

«ያው እኔው ነኝ እኮ!» ሲሉን በሳቅ እንፈርሳለን። የጓሮው በር የሌሎች ነው፣ እኛማ ሐበሻ ነን፣ አይነካንም ብለን እናምን ነበር። ቆይቶ ሕጉ መሻሩን ከሬዲዮ ሲሰሙ፣ «በሩ አንድ ሆነ፤ አለቀ» የሚል መጨረሻ ጨመሩበት።

እኔ ከማገዶ ንግድ ተነስቼ ቤት የሠራሁ፣ በእጄ ያልቆጠርኩትን የማላምን ሰው ነኝ። ያንን «አለቀ» ግን ሳልቆጥር ተቀበልኩ። ልጄ ሰላም አሜሪካ ስትሄድ እሱኑ ስንቅ አድርጌ ሰጠኋት። ጥቁር ሰው ፕሬዚዳንት የሆነ ጊዜም ደውዬ «አላልኩሽም?» ብላት ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ።

ባለፈው ክረምት መኪና መንዳት ከሚማረው ልጇ ከናሆም ጋር መጣች። መብራት ጠፍቶ ከሰል ከበን ስንቀመጥ ያንን ተረት አወጣሁ። ናሆም አልሳቀም።

«አባባ፣ የዚያ አገሩ ጥቁር ሰውዬስ? ነጠላ የሌለው?»

ከሰሉን ቆሰቆስኩ።

«እሺ፣ እኔም ነጠላ ለብሼ ልንዳ?» አለ ትከሻውን እየሰበቀ።

እናቱ ፊቷ ተለወጠ። «ቀልዱን ተወው። ፖሊስ ቢያስቆምህስ?»

«ማሚ፣ ደግሞ እዚህም?»

«በል።»

ፍሙን እያየ በቃሉ ወረደው። «ሞተር አጠፋለሁ። እጆቼ መሪው ላይ። ኪሴ አልገባም፤ መሣሪያ ላወጣ መስሎት እንዳይተኩስ። ‹የስ ሰር›፣ እሺ ጌታዬ እላለሁ። አልከራከርም።»

«ልክ ብትሆንስ?»

«ልክ ብሆንም።»

አንድ ቃል አልሳተም። እኛ የጋሽ ተረፈን ተረት በቃላችን እንደያዝነው፣ እሱም ይኼን ይዞታል። ልጄ ማታ ማታ ልጇን ያሳደገችበት ተረት ይህ ኖሯል፤ መጨረሻው ገና ያልታወቀ።

ያ የጋሽ ተረፈ ቤት ይናፍቀኛል። ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ለማንም ሳንሰጋ፣ አፋችንን ሞልተን የሳቅነው ሳቅ ይናፍቀኛል። አሁን ናሆም መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። ሰላም የምትደውለው እኛ ዘንድ ሲነጋ ነው፤ እዚያ ያኔ መሽቷል። ድምፅዋን ስሰማ፣ እንደምን አመሸሽ ሳልል፣ አፌን የሚቀድመው «ልጁ ገባ?» ነው።