የጥርስ ሠሪው ቁርስ

ጥርስ ሠሪው ለሰፈሩ ሁሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሮ፣ ለራሱ ግን ዛሬ ነገ ሲል ድዱን ይዞ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ፣ ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦውን የሚጋራው እሷ ካሳደገቻት ጊኒ ፒግ፣ ከዚያች ድብልብል ጭራ የለሽ እንስሳ ጋር ነበር።

አንድ ጠዋት እንስሳዋ አልበላም አለች፤ አገጯም በለሃጭ ራሰ። የእንስሳት ሐኪሟ አፏን ከፍታ አየችና ተቆጣች።

"አባባ፣ የእሷ ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል! ደረቅ ሣር እያኘከች ካልሞረደችው ይወጋታል። በዳቦ ነው የጎዷት።"

ያደገውን ከረከመችላት። እሱም "ጥርስ ሠሪ ተብዬ!" እያለ ሣር ገዝቶ ገባ።

በማግስቱ ጭር ብሎ የከረመው ወጥ ቤት በመቆርጠም ድምፅ ተሞላ። ሚስቱም ካሮት ስትበላ እንዲሁ ነበረች። አርባ ዓመት ሙሉ "ኧረ ቀስ በይ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው!" ይላት ነበር።

ሣሩን ወደ እንስሳዋ ገፋ አደረገላት።

"ቆርጥሚ እናቴ፣" አላት፣ "እንደ ልብሽ ቆርጥሚ።"