የስኳር ሰልፍና ሁለት አምፖሎች

በደርግ ዘመን ከጊዮርጊስ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የምታወቀው ግን ከፊዚክሱ ይልቅ በምሳሌዬ ነው። ሙቀት ሳስተምር ሽሮ ድስት፣ ግፊት ሳስተምር የጠዋት አውቶቡስ አመጣለሁ። ተማሪዎቼ «ከእሱ ክፍለ ጊዜ በኋላ ይርባል» እያሉ ያሙኝ ነበር። ሐሜቱን እወደው ነበር።

ምሳሌ የማበዛው ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሽቦው፣ ባትሪው፣ አምፖሉ ሁሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ኃላፊው «በፊርማዬ የተረከብኩት ነው፤ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ» ይሉኛል። ከእሳቸው ጋር ከመጨቃጨቅ ምሳሌ መፈለግ ይቀለኝ ነበር። ስንፍናም እንደነበረበት ዛሬ አምናለሁ።

ለአሥረኛ ክፍሎች ስለ ኮረንቲ ሳስተምር ያገኘሁት ምሳሌ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ነው። ስኳር መጣ ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይሰለፋል፤ መቆም ያልቻለ ድንጋይ ወይም ቅርጫት በተራው ያስቀምጣል፤ የድንጋዩንም ተራ ማንም አይነካም። «ባትሪው ሱቁ ነው» አልኳቸው። «አምፖሎቹ ሰልፈኞቹ ናቸው። ኮረንቲው እንደ ስኳሩ ከሱቁ ወጥቶ በተራ ይደርሳቸዋል። ሰልፉ ከፈረሰ ግን ሱቁ ይዘጋል፣ ማንም አያገኝም።» ክፍሉ ሳቀ፣ የገባውም መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ በአንድ ሽቦ ተከታትለው የተቀጠሉ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎች ስዬ የትኛው ይበልጥ እንደሚበራ ጠየቅሁ። መልሱ እኩል ይበራሉ የሚል ነው። ኮረንቲ መንገድ ላይ አያልቅም፤ በመጀመሪያው ያለፈው ያው በሁለተኛውም ያልፋል። ክፍሉ ግን ከጥቂት ልጆች በስተቀር «የመጀመሪያው» ብሎ ጻፈ። በገንኩ። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮውን አደልኩና ውጤቱን ለጽሕፈት ቤት አስረከብኩ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪዬ ወረቀቷን ይዛ መጣች። አባቷ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ክርና ቁልፍ የሚቸረችሩ ጉራጌ ናቸው። ልጅቷ ሳይንስ ትወዳለች፤ ነርስ መሆን ነበር ምኞቷ። ከአሥረኛ በኋላ ተማሪው በውጤቱ ይደለደላል፤ ነጥቡ የበቃ ሳይንሱን ይቀጥላል፣ ያልበቃ ጽሕፈት መኪና ይማራል። ለእሷ ሁለት ነጥብ ጎድሏታል። ያ ጥያቄ ደግሞ አምስት ነጥብ የያዘ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ኤክስ ሆነ?»

«ስለተሳሳትሽ ነዋ!»

«እርስዎ እንደ ሰልፍ ነው አላሉንም? እናቴ ታማ ስለተኛች የቤቱን ሥራ ጨርሼ ነው የምወጣው፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። ፊት ያለው ሞልቶለት ይሄዳል፣ መሐል ያለው ይቀነስበታል፣ እኔ ጋ ሲደርስ አልቋል ይባላል።»

ምሳሌዬን ከእኔ ይልቅ አጥብቃ ይዛው ነበር። ያስተማርኳት ስህተት ነው፤ እሷ በደንብ ተምራዋለች። ፒያሳ ከሚሠራ ሬዲዮ ጠጋኝ ሁለት ትንንሽ አምፖል፣ ባትሪና ቁራጭ ሽቦ ለምኜ አመጣሁና ፊቷ ቀጠልኩት። ሁለቱም እኩል በሩ። ቦታቸውን እያቀያየረች ደጋግማ አየችና «ታዲያ ቀድመው ይሄን ቢያሳዩን ምን ነበረበት?» አለችኝ። አፈርኩ።

የተላለፈ ውጤት የሚስተካከለው አስተማሪው በመምህራን ስብሰባ ላይ ጥፋቱን አስረድቶ ቤቱ ሲቀበለው ብቻ ነበር። ስብሰባውን ሁሌም የምንጀምረው በሒስና ግለ ሒስ ነው። ሁላችንም ለዚያ የምናዘጋጃት ጉዳት የሌላት ኃጢአት ነበረችን፤ አንዱ ሰዓት አላከብርም ይላል፣ ሌላው በውይይት አልሳተፍም። የእኔ ጠመኔ ማባከን ነበረች። የዚያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጥፋት ይዤ ተነሣሁ። «በመጥፎ ምሳሌ አስተምሬ ተማሪዎች አሳስቻለሁ። በዚህ ጥያቄ ከሳይንሱ ለቀረችው ለአንዷ ነጥቡ ይመለስላት» አልኩና ጥያቄውንና መልሷን አነበብኩ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሣ። «ምሳሌው ምን ነበር?»

ሰልፍ ልል አፌን ከፈትኩ። ስኳሩ መጨረሻ ላይ ላለው እንደማይደርስ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ አንዳንዶቻችን ያን ጠዋት ድንጋያችንን አስቀምጠን ነው የመጣነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ እየተያዘ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባችን ስለ ዳቦ ቀልዶ ለጥያቄ ተፈልገሃል ተብሎ ሄዷል፤ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም ነበር። ፈራሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

«የቧንቧ ውሃ» አልኩ።

«የቧንቧ ውሃ?» አለ ሰብሳቢው። «በዚህ ጫፍ የገባ ውሃ በዚያ ጫፍ ይወጣል። መንገድ ላይ ያልቃል እንዴ?»

«አያልቅም።»

«ታዲያ ምሳሌው ምን አጠፋ? ልጅቷ ምን ነክቷት ነው የመጀመሪያው ይበልጣል ያለችው?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ ይህንንም አልረሳውም። በሰልፉ ምሳሌ የልጅቷ መልስ የሚያስብ ሰው መልስ ነው። በቧንቧው ግን የቂል ወሬ ይመስላል። ምሳሌውን በቀየርኩበት አፍታ ያላትን አንድ ማስረጃ ከእጇ ወሰድኩባት። «ውጤቱ ይጽና» ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አልሆነም» አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን ቶሎ ዋጠችው። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ ጠየቀችኝ፦ «ሰልፉን ነገሯቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ግራና ቀኟን ቃኘችና ጠጋ አለችኝ። «ለእኔ ብለው ያንን እዚያ ቤት ውስጥ ተናገሩ? ጋሼ፣ ቢይዙዎት ኖሮስ? ለአባዬ እነግረዋለሁ፤ ለሌላ ለማንም አልናገርም።» ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝና የጽሕፈት መኪና ተማሪዎች ወደሚመዘገቡበት ክፍል ሄደች።